እንሰት በመረሬ ላይ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ቱሉ ዲምቱ ነበር የምኖረው፤ ከልጄ ጋር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ከዚያ በፊት አቃቂ በሰቃ ነበርን። የተወለድኩት ጉራጌ አገር ነው፤ ሲያገባኝ ነው አቃቂ ያመጣኝ። እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራ፣ እኔ ጉሊት ተቀምጬ ሽንኩርት እየሸጥኩ ልጆች አሳደግን። ሰፈሩ ለልማት በፈረሰበት ዓመት እሱም ሞተ። የቱ እንደቀደመ ሰው ሲጠይቀኝ ቆም ብዬ ማሰብ አለብኝ።

አላለቀስኩም። ዘመዶቻችን ከአገር ቤት መጥተው ደረታቸውን ሲደቁ እኔ የማስበው ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ስለ መጉደሉ ነበር። የባሌ እህት ጎኔ ቁጭ ብላ፣ አልቅሺ፣ ይወጣልሻል አለችኝ። ምን እንደሚወጣልኝ አልገባኝም። የሚወጣ ነገር ውስጤ እንዳለ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ከዚያ ወዲያ ምግብ ሲሰጡኝ እበላለሁ፣ ተኚ ሲሉኝ እተኛለሁ። ልጄ ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ለመያዝ ትወጣለች፤ መሥሪያ ቤቷ መሀል ከተማ ነው። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ የሰው ልብስ ሲሰጣና ሲነሳ አያለሁ። ሲበቃኝ ደረጃውን ቀስ ብዬ ወርጄ እሄዳለሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ እግሬ ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ወደ ቂሊንጦ ወሰደኝ። የፋብሪካዎቹን አጥር አልፌ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣ በስተግራ አንድ የታጠረ ሜዳ አለ። ታጥሮ የነበረ ብል ይሻላል። የሲሚንቶ ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ሽቦውን ሰው ወስዶታል። አንድ ታፔላ አለ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ግን ጽሑፉን ፀሐይ በልቶታል። በኋላ እንደሰማሁት መሬቱን አንድ ባለሀብት ፋብሪካ ልሠራበት ብሎ ወስዶት፣ መሠረት አስቆፍሮ ጠፍቷል። የት እንደጠፋ የሚያውቅ የለም። የተቆፈረው ውስጥ ቄጠማ በቅሏል። የቀረውን አሜኬላና አስተናግር ሞልቶታል። የዘበኛው የቆርቆሮ ቤት ብቻ በሯን ከፍታ ቆማለች። ውስጧ አንድ የሽቦ አልጋ ነበር።

ስለደከመኝ ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ማጭድ ይዤ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ያለው አሜኬላ እግሬን ስለወጋኝ አጨድኩት፤ እሱን ሳጭድ ከጎኑ ያለው ታየኝ። እንደዚያ ነው የጀመረው። ልቤ ፈልጎ አይደለም። እጄ ነው የጀመረው።

እጅ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ያውቃል። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የሚያጠራቅም በርሜል በጋሪ አስመጣሁ። ለሁለት ዶሮና ለአንድ አውራ ዶሮ ከእንጨት ቤት መታሁላቸው። ከብት ከሚያልፍበት ኩበት ለቀምኩ። ማታ ማታ ወደ ፎቁ መመለሱ ሲሰለቸኝ ፍራሽ አስወስጄ እዚያው ማደር ጀመርኩ። ከዚህ መሬት የምበላውን አውጥቼ ማንንም ሳላስቸግር ልኑር የሚል ሐሳብ መቼ እንደመጣልኝ አላስታውስም። አንድ ጠዋት ስነሳ ተቀምጦ አገኘሁት።

ልጄ እዚያ ማደሬን እንዳወቀች ከሥራ ቀርታ መጣች። ጫማዋን እሾህ እንዳይበሳው እያየች፣ እየዘለለች። የቆርቆሮዋን ቤት አየች፣ በርሜሉን አየች፣ ዶሮዎቹን አየች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል? እናቷን ሜዳ ላይ ጣለች ነው የሚሉት።»

አልጣልሽኝም፣ በእግሬ ነው የመጣሁት አልኳት። እሱን ለሰው ማን ይነግራል አለች። ብዙ አወራች፤ ስለ ጅብ፣ ስለ ሌባ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ደሜ ግፊት። እኔ እሰማለሁ፤ ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ዝም ማለቴ ነው መሰለኝ የበለጠ ያናደዳት። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ አንድ ምርት እስኪገባ ትተወኛለች። ምርቱ ሲገባ መጥታ ታያለች። መሬቱ የሚያበላኝ ከሆነ ሁለተኛ አንድ ቃል አትናገርም። ካላበላኝ ግን ፍራሼን ይዤ ፎቅ እወጣለሁ፤ ከወጣሁም እንደ ሰው እናት ቤት እቀመጣለሁ እንጂ ወዲያ ወዲህ የለም። እሺ አልኩ። እሺ ለማለት ብዙ አላሰብኩም።

ደንብ አስከባሪዎችም አንድ ጊዜ መጥተዋል፤ ሁለት ወጣቶች። የማን ነሽ አሉኝ፣ የማንም አልኳቸው። ዞር ዞር ብለው አዲስ የተሠራ ነገር ፈለጉ፣ አጡ። እማማ፣ አንዲት ቆርቆሮ እንዳይጨምሩ፣ ጨረቃ ቤት ብለን እናፈርሰዋለን ብለውኝ ሄዱ። አልጨመርኩም።

እንግዲህ ምን ልትከል? እኔ በተወለድኩበት አገር ቤት የሚጀመረው ከጓሮው ነው። ጓሮው እንሰት ከሌለው ቤቱ ገና ቤት አይባልም፤ ሰው ያደረበት ቦታ ነው። እናቴ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዋ ከብቱ ያደረበትን ፋንድያ ጠርጋ ለእንሰቱ ማልበስ ነበር፤ እኛን ከመቀስቀሷ በፊት። ቆጮው ከዚያ ነው፣ ገመዱ ከዚያ ነው፣ መጠቅለያውና ምንጣፉ ከዚያ ነው። በሰቃ ቤታችን ጀርባም ሁለት እንሰቶች ነበሩኝ፤ አመድና ፍርስራሽ ከተደፋበት ላይ በቅለው ጎረቤቱ ሙዝ መቼ ነው የሚያፈራው እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ስለዚህ አቃቂ ላይ እንሰት እንደሚበቅል አውቃለሁ ብዬ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ከአገር ቤት ሲመጣ ችግኝ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ አመጣልኝ። በግንቦት ተከልኩት፤ ከቤቷ ጀርባ፣ በመስመር፣ እናቴ እንደምትተክለው ትልቁን ወደ ቤት ትንሹን ወደ ውጭ። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ ጠፍቶኝ አይደለም። ልጄ ምርቱ ሲገባ አያለሁ ብላ እኔ እንሰት መትከሌ የጤና አይመስልም። ግን ሌላ ነገር መትከል አልታየኝም። በየጠዋቱ በዘንቢል ፋንድያ እየተሸከምኩ አለበስኩት። ቅጠሉ ሲፈታ ማየት ደስ ሊል ይገባው ነበር። ሲፈታ አየሁት።

ሰኔ ገባ። ያ መሬት መረሬ ነው፤ ጥቁር አፈር። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያብጥና ይዘጋል። ሐምሌ ላይ ውሃው ወዴትም መሄድ አቆመ። እንሰቶቹ መሀል ተኛ። ጫማዬን ጭቃው እያስቀረብኝ በባዶ እግሬ ሆንኩ። አልጋዬን በብሎኬት ከፍ አደረግሁ። ዶሮዎቹ ከጣሪያቸው ላይ መውረድ እንቢ አሉ፤ አንደኛዋ በብርድ ሞተች። ለልጄ በስልክ ደህና ነኝ አልኳት። ደህና የሚባለው ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ስለነበር መዋሸቴም አልመሰለኝም።

የእንሰቶቹ ቅጠል ከዳር ቢጫ ሆነ። አፈር ከፍ አድርጌ አከማቸሁላቸው፣ ጭቃው ተመልሶ ፈሰሰ። ነሐሴ ላይ አንዱን በአንገቱ ይዤ ሳብ ሳደርገው ምንም ሳይታገለኝ መጣ። ሥሩ የለም። ከታች ቡናማ ልፍስፍስ ያለ ነገር ነበር፣ ይሸታል። ሁለተኛውን ሳብኩ፣ እሱም መጣ። ሁሉንም ነቅዬ ቤቷ ደጃፍ ላይ በተከልኩበት ተራ ደረደርኳቸው። ከዚያ የማደርገው ጠፋኝና አጠገባቸው ቆምኩ።

ከሜዳው ጫፍ አንዲት ግራር አለች። እዚያ ሥር አንድ ሽማግሌ አንዳንድ ቀን ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በዱላቸው ተደግፈው ይቆሙ ነበር። እረኛ ይመስሉኝ ነበር፤ ከብት ግን የላቸውም። ያን ቀን ጭቃውን እየረገጡ ወደ እኔ መጡ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቁም። የተደረደሩትን እንሰቶች አንድ በአንድ አዩ።

«እቴ፣ ከሰኔ ጀምሮ አይሻለሁ፤» አሉ። «ዓሣ ልታረቢ ነው ብዬ ነበር።»

መሬቱ የእሳቸው ነበር። አባታቸው ያረሱት፣ እሳቸውም ከባለሀብቱ በፊት ያረሱት። ካሳ ተሰጥቷቸው ወጥተዋል፤ አሁን ከልጆቻቸው ጋር ወዲያ ማዶ ነው የሚኖሩት፣ የብሎኬት ቤት ውስጥ። ለምን እንደሚመጡ አልጠየቅኋቸውም። እኔም የመጣሁበትን አላውቅ። የጠየቅኋቸው፣ ከሰኔ ጀምሮ ካዩኝ ለምን እንዳልነገሩኝ ነው።

«አልጠየቅሽኝም፤» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «መሬቱ የእኔ አይደለም። በሰው መሬት ምን ብዬ ልናገር?»

ቤቷ ደጃፍ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው የመሬቱን ነገር ነገሩኝ። ይህ አፈር ክረምቱን ሙሉ ይጠጣል፤ በዚያን ጊዜ ምንም ቢሰጡት ያበሰብሰዋል። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ነው የሚዘራበት፤ ሽምብራ፣ ጓያ። ከዚያ በኋላ ጠብታ ባይዘንብ እንኳ የጠጣውን ራሱ እያወጣ ያበላዋል። ሰው ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ይሮጣል፣ እዚህ ግን ዝናብ ሲሄድ ነው አሉ። እኔ እንሰቶቹን እያየሁ ነበር የምሰማቸው። እኔ ባደግሁበት ቀይ አፈር ዝናብ ማለት መትከል ማለት ነው፤ ሌላ ዓይነት መሬት ይኖራል ብሎ የነገረኝ የለም። አቃቂ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ የረገጥኩት አስፋልትና አመድ ኖሯል።

በሬ ከዘመድ ተውሰው እንደሚመጡ፣ ዘሩንም እንደሚያመጡ ነገሩኝ። አረሙ፣ ጥበቃው፣ ነቀላው የእኔ። ምርቱ ሲወቃ እኩል። እኩል ማለት እንግዲህ በአገሩ ባለመሬትና አራሽ የሚገቡት ውል ነው፤ ግማሽ ለዚህ ግማሽ ለዚያ። እዚህ ግን ባለመሬት የለም። የመሬቱን ድርሻ ማን ሊወስድ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ባለቤቱ መጥቶ ይጠይቀና፤» አሉ ወደ ታፔላው እያዩ። «ቢመጣ እኔም የምጠይቀው አለኝ።»

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አረሱት። እሳቸው ሞፈሩን ይዘው፣ እኔ ከኋላ ጓሉን በዶማ እየሰባበርኩ። ጥማዶቹ የሰው ስለሆኑ በስማቸው አያውቋቸውም ነበር፤ በሬ፣ በሬ እያሉ ነበር የሚጠሯቸው፣ በሬዎቹም አይሰሟቸውም። ሽምብራው በዝናብ ሳይሆን በፀሐይ ወጣ። ላዩ ደርቆ አፈሩ ከታች እርጥብ ነበር፤ ጣቴን ስከተው ይቀዘቅዛል። አረምኩ። ቅጠሉ ጠዋት ጠዋት ኮምጣጣ ጤዛ አለው፤ እጅን ያሳክካል፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ያቃጥላል። ማታ እጄን አይቼ የሰው እጅ ይመስለኝ ነበር፤ ቀይና ያበጠ። ያቃጥለኝ ነበር። ማቃጠሉን አልጠላሁትም።

ልጄ በየጊዜው ስልክ ትደውላለች። ደረሰ ወይ ትለኛለች። እየደረሰ ነው እላታለሁ። ዝግጅት ላይ እንደሆነች በድምፅዋ አውቃለሁ፤ የልጆቹን ክፍል አስተካክላ ለእኔ አልጋ ገዝታለች። ነግራኛለች። ጥሩ አልጋ ነው አለች።

ያላሰብነው ነገር የመጣው ሽምብራው እሸት ሲሆን ነው። ከሜዳው ዳር የሚያልፈው መንገድ የፋብሪካ ሠራተኞቹ አቋራጭ ነበር። ሺፍት ሲቀየር፣ አብዛኛዎቹ ሴት ልጆች፣ እየሳቁ እየተጓተቱ ያልፋሉ። አንድ ከሰዓት አንዷ ቆም ብላ፣ እማማ፣ አንድ ልቅጠፍ አለችኝ። ቅጠፊ አልኳት። ምን ልበላት? እሸት ይከለከላል እንዴ? አላፊ አግዳሚ ቁሞ የበላው እሸት ሌብነት አይባልም፤ ቋጥሮ ካልወሰደ። ባለ እርሻውም ብሉ ማለት አለበት፤ እኔ ባደግሁበትም፣ በሽማግሌውም አገር እንዲያ ነው። ልጅቷ አንድ እጅ ነቅላ እየፈለፈለች ሄደች። በማግስቱ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ከዚያ ደግሞ ሌሎቹ መጡ። ሁሉም ያስፈቅዳሉ። ሁሉም አንድ እጅ ነው የሚነቅሉት። ቋጥሮ የወሰደ አንድም የለም። አንዷ እንደ እኔ ጉራጌ ነበረች፣ በቋንቋችን አመሰገነችኝ። ሌላዋ የሐዋሳ አካባቢ ልጅ ነች፣ እናቷን አስታወስኳት መሰለኝ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ከመንገዱ ጀምሮ ሜዳው እየተላጨ ወደ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌው መጥተው አዩና ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ለምን አልከለከልሽም እንዲሉኝም ጠብቄ ነበር፤ አላሉም። ዳሩን እሾሃም ሱፍ እዘራበት ነበር አሉ ለራሳቸው፤ ድሮ ግን በዚህ መንገድ በቀን የሚያልፈው ጥቂት ሰው ነበር። ከዚያ አንድ እጅ ነቅለው እዚያው ቆመው በሉ። እኔም በላሁ። ከዚያ በፊት ከራሴ እርሻ እንዳልበላሁ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

የቀረው ደረቀ። ነቀልኩት፣ ከመርኩት። መሬቱን በእበት ለቅልቀን፣ እሳቸው በዱላ እየወቁ እኔ በነፋስ እያነሳሁ፣ ምርቱ ገባ። ጆንያ ሞልቶ ጥቂት ተረፈ። በጣሳ እየሰፈርን እኩል ተካፈልን፤ አንድ ለእሳቸው፣ አንድ ለእኔ። የእኔ ድርሻ ከግማሽ ጆንያ ብዙም አላለፈም።

ልጄ ቅዳሜ መጣች። ሽማግሌውም ድርሻቸውን የሚጭኑበትን አህያ እየጠበቁ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላም አለቻቸው፣ ከዚያ ጆንያውን በእጇ ደገፍ አድርጋ መዘነችው።

«ይሄ ነው?»

አዎ አልኳት።

«እማዬ፣ ይሄ ፋሲካን አያልፍም እኮ።»

ልክ ነበረች። እኔም አስቀድሜ አይቼዋለሁ። እንዲህ ስትል ወይ ማፈር ወይ ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ያሰብኩት ፍራሹን በምን እንደምናስረው ነው። እንሂድ አልኩ። እንዲያውም ተነስቼ ነጠላዬን አጣፋሁ።

«አራሼን የት ልትወስጂው ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ልጄ ዞር አለች። ቀልድ ነው ወይስ ቁም ነገር እንደሆነ ፊታቸው አይናገርም። እኩል የገባ ሰው በአንድ ምርት እንደማይወጣ ነገሯት፤ መሬቱ ገና መከፈቱ ነው፣ የዘንድሮ እርሻ ለከርሞ ነው፣ አራሹን ከመሀል የሚወስድ ዘመድ ባለመሬቱን ማስፈቀድ አለበት። በጨዋ ደንብ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ልጄ ታግሣ ሰማቻቸው። ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ የምትሰማው እንዲህ ይመስለኛል።

«አባባ፣ መሬቱ እኮ የእርስዎ አይደለም፤» አለች።

«አዎ፣ አይደለም፤» አሉ። «እሷስ ያንቺ ናት?»

ልጄ ፊቷ ቀላ። ለሽማግሌ መልስ መስጠት አላስተማርኳትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ልጅ ሳለች ወድቃ ከማልቀሷ በፊት እንደምታየኝ አየችኝ። ሁለቱም የሚጠብቁት እኔን ነበር። ባሌ ከሞተ ጀምሮ የሚጠይቀኝ ሁሉ መልሱን ይዞ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ብዪ ሲለኝ ልበላ፣ ተኚ ሲለኝ ልተኛ። አሁን መልስ ያለው ማንም የለም። ሽማግሌው አልቸኮሉም። አህያዋም አልመጣችም።

«ክረምቱን ካንቺ ጋር እሆናለሁ፤» አልኳት። «ውሃው ሲተኛ ፎቅ እወጣለሁ። መስቀል ሲያልፍ እወርዳለሁ።»

«እና ሳይበቃሽ ሲቀር ምን ልትበዪ?»

«አንቺ ትጨምሪልኛለሽ።»

ይህን ማለት ከበደኝ። ማንንም ሳላስቸግር ብዬ ነበር የጀመርኩት። ልጄ ግን ይህን እሰማለሁ ብላ አልጠበቀችም መሰለኝ፤ ትከሻዋ ወረደ። ቢያፈርሱትስ አለችኝ። ያኔ አልወርድም አልኳት። የተገዛው አልጋስ አለች። በክረምት እተኛበታለሁ አልኳት። ሽማግሌው ወደ መንገዱ እያዩ ነበር፣ የማይሰሙ መስለው።

ልጄ ጫማዋን አውልቃ ሰፌዱን አነሳችና ከጆንያው ሽምብራ አፍሳ ጠጠር መልቀም ጀመረች። ጥፍሯ ቀለም የተቀባ ነው። እናንተ ድንጋይ ነው እንዴ የዘራችሁት አለች። ግማሹ የባለሀብቱ መሠረት ነው አሉ ሽማግሌው። ሳቀች፤ ንዴቷ ገና አልወጣላትም፣ ግን ሳቀች። አህያዋ መጣች፣ ድርሻቸውን ጭነው ሄዱ። ለነሐሴው ውሃ አስቀድመን ቦይ እንደምናወጣ፣ ዳሩንም ሱፍ እንደምንዘራበት ሲሄዱ ነገሩኝ።

ልጄ ለልጆቹ የሚሆን ጥቂት ቋጥራ ሳይመሽ ወደ ታክሲው ሄደች። ዞራ ዞራ ታየኛለች። እኔ የለቀመችውን አጥቤ በድስት ጣድኩት። ሲበስል ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ጨው መጨመር ረስቼ ነበር። ተነስቼ ጨመርኩበት።